ለውሻው ሥጋ መስጠት ክልክል ነው

በዳግም ትንሣኤ ዕለት ግቢያችን ውስጥ በአንድ ውሻ ላይ ሞት ተፈረደ። ፍርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ በዚህ በቁስቋም ዳገት ላይ በተሰቀለው ግቢያችን የሚጻፍ ነገር በተገኘ ቁጥር ወረቀቱ ወደ እኔ ነው የሚገፋው። የዕድር ማስታወቂያ፣ የውኃ ተራ፣ የመብራት አቤቱታ፣ ሁሉም የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ያን ቀንም እንደ ወትሮው ፊደሉን አሳምሬ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «የአቶ ዓምሃ ውሻ ተላላፊ የቆዳ በሽታ ያለበት በመሆኑና ለሕፃናት ጤና አስጊ ሆኖ በመገኘቱ በስምንት ቀን ውስጥ እንዲወገድ ተወስኗል።» «እንዲወገድ» የምትለዋን ቃል የመረጥኩት ራሴ ነኝ። «እንዲገደል» ብሎ መጻፍ ደስ አላለኝም።

ዓምሃ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሥራው ሥጋ ቆራጭነት ነው። ከግቢያችን ቁልቁል የሩብ ሰዓት መንገድ በምትገኝ አንዲት ልኳንዳ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ቢላዋ ይዞ ቆሟል። ዝምተኛ ነው። ደንበኛው አፉን ሳይከፍት ሻኛ ይሁን ዳቢት የሚፈልገውን ያውቃል ይሉታል። እኔ ግን ጎድን ብዬ ለምኜው ጎድን ቆርጦልኝ አያውቅም፤ «ለእርስዎ ጥርስ ሽንጥ ይሻላል ጋሼ» ይለኛል። እንዲህ ሲለኝ እናደዳለሁ፤ እውነቱን ስለሆነ ደግሞ ይብስ እናደዳለሁ።

ልጅ የለውም። ሚስቱ ውባለም ከአራት ዓመት በፊት በኩላሊት ሕመም ሞታበታለች። ቡላን ያመጣችው እሷ ናት። ከመሞቷ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እንጦጦ ላይ ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ፣ ዓይኑን ገና የገለጠ ቡችላ በነጠላዋ አቅፋ መጣች። መልኩ ቡላ ስለነበር ስሙም ቡላ ሆነ። ዓምሃ መጀመሪያ ላይ «የሚጮህ አፍ ጨመርሽብኝ» ብሎ አኩርፎ ነበር። ውባለም ካረፈች በኋላ ግን ከሥራ ሲመለስ በሩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያነጋግረው ቡላን ሆነ። ከቡችላነቱ ጀምሮ እንደሚያደርገው ከልኳንዳው በላስቲክ የቋጠረለትን ትራፊ ይሰጠዋል፤ እጁን ያስልሰዋል፤ ቀኑን እንዴት እንደዋለ ይጠይቀዋል። እኛ ሰላምታ የምናገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

የቡላ በሽታ የጀመረው ገና ዓመት ሳይሞላው በጆሮው ነው። ጆሮውን በእግሩ ሲያክ ይውላል። ቀጥሎ መዳፉን ማኘክ ጀመረ። ከዚያ ሆዱ ቀላ፣ ጠጉሩ ረገፈ፣ ቆዳው ቅርፊትና መግል አወጣ። ሽታው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ውባለም ከሞተች ወዲህ ባሰበት፤ «ሐዘን ነው» አልን ሁላችንም። ሐዘን በውሻ ቆዳ ላይ ይወጣል ብሎ ማን እንዳስተማረን አላውቅም፤ ግን ደረታችንን ነፍተን ነበር የምንናገረው።

ያልተሞከረ ነገር የለም። ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ። «እከክ ነው፣ የተቃጠለ ዘይት ቀባው» ተባለ፤ ዓምሃም ከጋራዥ የመኪና ዘይት ለምኖ ከራስ እስከ ጅራቱ ቀባው። ውሻው ጥቁር ሆኖ ሦስት ቀን ሲያስመልሰው ሰነበተ። «ድኝ በቅቤ ለውስ» ተባለ፤ ለወሰ። እንክብል የሚሸጥ ሰው መጥቶ ለሃያ ቀን የሚሆን መድኃኒት ሰጠው፤ በአምስተኛው ቀን ውሻው ደህና ሲመስል ዓምሃ መድኃኒቱን አቆመ። በወሩ ተመልሶ ወጣበት። እንደገና ሰጠው፣ እንደገና ተሻለው፣ እንደገና አቆመ። እኔ ራሴ ነበርኩ «ጤነኛ ፍጡር ለምን መድኃኒት ታጠጣለህ?» ያልኩት።

በዚህ ዓመት ሁዳዴ ግን፣ ቅባቱ ሁሉ ሰልችቶን በተውንበት፣ ተአምር የሚመስል ነገር ሆነ። ጾሙ ሲጋመስ ቡላ ማከክ ተወ። ሲፈታ ጠጉሩ በቅሎ፣ ሆዱ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ቡችላ ይዘል ጀመር። የግቢው ባለቤት እማማ ዓለምፀሐይ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ አካባቢ ነው፣ ምስጢሩን ለእኔ ብቻ ነገሩኝ፦ ካህናቱ ሳይሰሙ ከቁስቋም ማርያም ያመጡትን ጠበል ማለዳ ማለዳ ረጭተውታል። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ውሻው ከበፊቱ በከፋ ሁኔታ ሲመለስበት እማማ በጣም ነው ያዘኑት። ያዘኑት ለውሻው ነው ወይስ ለጠበሉ ስም፣ አልጠየቅኳቸውም።

በዚያው ሳምንት የራኬብ ልጅ ክንድ ላይ ጭርት ወጣ። ራኬብ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምትነግድ፣ ግድግዳ የምንጋራ ወጣት እናት ናት። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከቡላ ጋር ስትጫወት ነው የምትውለው። ስብሰባው የተጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ራኬብ የልጅቷን እጅጌ ሰብስባ ክቡን ቁስል ለሁላችንም አሳየች። «ውሻ ጠልቼ አይደለም ጋሽ ዓምሃ» አለች። «ልጄ ናት። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ልክ ነሽ» አላት ዓምሃ።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተከራይ «ምን ያደክመናል፣ መርዝ በሥጋ ለውሶ መወርወር ነው» አለ። ዓምሃ ቀስ ብሎ ዞር አለና አየው። ሃያ ዓመት ቢላዋ የያዘ ሰው እንዲያ ሲያይ ጥሩ አይደለም። «ማንም እንዳይነካው» አለ። «እኔ ራሴ አደርገዋለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት በሬን አንኳኳ። ቡላ በገመድ ታስሮ ከአጠገቡ ቆሟል። «ጋሼ፣ በመርፌ ያስተኙታል አሉ። አያመውም አሉ» አለኝ። ቀጥሎ መሬት መሬት እያየ «አብረውኝ ይሄዳሉ?» ሲል ጨመረ። ኮቴን ደርቤ ወጣሁ።

ታክሲ አልጫነንም። በእግራችን ወረድን። ቡላ በየአሥር እርምጃው እየቆመ ያካል፤ ቁጭ ብሎ መዳፉን ያኝካል፤ አስፋልቱ ላይ ደም ጠብ ጠብ ይላል። መንገደኛው አፍንጫውን ይዞ ገለል ይላል። ዓምሃ ግን «ደረስን፣ ትንሽ ናት የቀረችው» እያለ ያባብለዋል። ወዴት እንደደረስን እኔና እሱ እናውቃለን። «እንመለስ» ልለው ስል የክሊኒኩ በር ላይ ተገኘን።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ትሕትና ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ድምፀ ጎላ። ምን ፈልገን እንደመጣን ጠየቀችን። ዓምሃ ገመዱን አጥብቆ ይዞ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነኝ «እ... ማለቴ... እንዲወገድ ነው» ያልኩት።

«ማን ወሰነ?»

«የግቢው ሰው። የአንዲት ልጅ ክንድ ላይ ጭርት ወጣና።»

«የግቢው ሰው ሐኪም ነው እንዴ?» አለችኝ። ልጄ የምትሆን ልጅ እንዲህ ስትለኝ ደሜ ፈላ።

ቡላን ጠረጴዛ ላይ አስወጥታ ቆዳውን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረገችና በማይክሮስኮፕ አየች። ከሌላ ቦታ ፍቃ ደግማ አየች። ጠጉሩን ነቅላ አየች። ዓምሃ የውሻውን ራስ ደረቱ ላይ አስደግፎ ይዞ፣ እየዳነ እንደሚመለስበት ይነግራታል፤ ማን ማንን እንደያዘ አይለይም ነበር።

«እከክ የለበትም» አለች በመጨረሻ። «ጭርትም አላገኘሁበትም። ልጅቷን ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ ከሌላ ልጅም ሊይዛት ይችላል። ይሄ ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። ሲያሳክከው ያካል፣ ሲያክ ቆዳው ይላጣል፣ በተላጠው ቆዳ ጀርሙ ይገባል። እናንተ ቁስሉን ታክማላችሁ፤ የሚያሳክከውን ነገር ግን አልነካችሁትም። ለዚህ ነው የሚመላለስባችሁ። ምን ምን ተቀባ?»

«የተቃጠለ ዘይት» አለ ዓምሃ በቀስታ።

«ራሱን የሚልስ እንስሳ! መርዝ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የላም ሥዕል ማንበብ ጀመርኩ። «ምን ይበላል?»

«እንጀራ። ፍትፍት። እኛ የምንበላውን።»

«ደህና የሆነበት ጊዜ የለም?»

«በሁዳዴ» አለ ዓምሃ። እኔም ላግዘው ብዬ ስለ ጠበሉ ነገርኳት። አልሳቀችም፤ ጠበሉንም አልነቀፈችም። «በሁዳዴ ሌላ ምን ተቀየረ?» ብላ ጠየቀች። ዓይኗ ዓምሃ በፌስታል ወደያዘው ነጭ ጋዋን ሄደ። «ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሥጋ ቆራጭ ነኝ።»

«በሁዳዴ ትሠራላችሁ?»

«የለም፣ ልኳንዳው ይዘጋል። እኔም የቀን ሥራ ነው የምሄደው።»

«ሲከፈት ለእሱ ሥጋ ይወስዱለታል?»

«በየቀኑ» አለ ዓምሃ። «ግን እሱ ምግቡ አይደለም እኮ ዶክተር። ትራፊ ነው። በቃ ሰላምታ ነው።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ዓምሃ አልዋሸም። እኔም ብጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ነው። በእኛ ዘንድ ምግብ ማለት በሰሃን የቀረበ ነው፤ ለውሻ የተወረወረ ነገር ተቆጥሮ አያውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ሁሉ ሰው መድኃኒት ሲያዝለት፣ ከዓምሃ ኪስ የሚወጣውን ላስቲክ ያየ እንጂ ያሰበው አልነበረም።

«አንዳንድ ውሻ የከብት ሥጋ አይስማማውም» አለች። «አለርጂ ነው። ሰው ኦቾሎኒ እንደማይስማማው በሉት።»

«ውሻን ሥጋ?» ብዬ ሳቅኩ። ብቻዬን ነበር የሳቅኩት።

«እርግጠኛ የምንሆነው በመሞከር ነው። ስምንት ሳምንት ሥጋ፣ አጥንት፣ መረቅ፣ ወተት፣ ቅቤ በአፉ እንዳይዞር። በሁዳዴ የበላውን ይብላ፤ ድንችና ምስር ቀቅሉለት፤ ሽንኩርት ግን አይግባበት። መድኃኒቱ ቢሻለውም እስኪያልቅ ይሰጠው። በዚህ ሻምፖ በሳምንት ሁለቴ ይታጠብ፤ አረፋው አሥር ደቂቃ ይቆይበት። ደግሞ አንዲት ቁራጭ ብቻ ልፋታችሁን ሁሉ ገደል ትከተዋለች። አንዲት!» ጣቷን ቀስራ እኔን ነበር የምታየው። ለምን እኔን እንዳየች ያን ጊዜ አልገባኝም።

«ሁዳዴን ይድገም በሉኛ» አለ ዓምሃ፤ ጥርሱን ካየሁ ስንት ጊዜዬ።

ወደ ግቢ ስንመለስ ነገሩን ማስረዳት የእኔ ድርሻ ሆነ። ውሻ ሥጋ አይስማማውም ስል ግቢው በሳቅ ፈረሰ። «ሥጋ ቆራጩ ጋ ያለ ውሻ ሥጋ ጠላ!» አሉ። ራኬብ ብቻ አልሳቀችም፤ ካልተላለፈ ለምን ልጄን ያዛት ብላ ተከራከረች። መጨረሻ ላይ እማማ ዓለምፀሐይ ፈረዱ። «እስከ ሰኔ ሚካኤል ይቆይ። የዚያን ዕለት ቆዳው ንጹሕ ከሆነ ይኖራል፤ ካልሆነ ግን ዓምሃ፣ ልጄ፣ አታስቸግረን።» ከሐኪሟ ቀጠሮ አንድ ሳምንት ትጎድላለች፤ ስለዚያች ሳምንት መከራከር አልቻልንም።

ጊዜው ደግሞ ለዚህ ሥራ ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ነበር። በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ በየቤቱ ድስት ይንጣጣል። በልኳንዳው ዓምሃ ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም። ሲመለስ በሩ ላይ ልብሱን ይቀይራል፤ ቧንቧው ሥር እጁን እስከ ክርኑ በኦሞ ይፈትጋል። ቡላ ሮጦ ይመጣል፣ ኪሱን ያሸታል፣ ላስቲኩን ይፈልጋል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ፊቱን ያያል። «ምን አጠፋሁ የሚለኝ ይመስለኛል ጋሼ» አለኝ አንድ ቀን። እኔም አቅሜን አዋጣሁ፤ በትልልቅ ፊደላት «ለውሻው ሥጋ መስጠት በጥብቅ ክልክል ነው» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። አጥንት ሊወረውርለት ሲል ያገኘሁትን ተከራይ ሁሉ አንድ በአንድ ተቆጣሁ። ቁጣ ላይ ማንም አይችለኝም።

በሦስተኛው ሳምንት የቡላ ሆድ ቅላቱ ጠፋ። በአራተኛው ጀርባው ላይ እንደ ጫጩት ላባ የሳሳ ጠጉር በቀለ። የራኬብ ልጅም ከጤና ጣቢያ በተሰጣት ቅባት ዳነች። ራኬብ ራሷ «እንጃ፣ የተሻለው ይመስላል» አለች።

ግንቦት ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተራ የእኔ ነበር። እንግዶቹ በልተው ጠጥተው ከሰዓት በኋላ ሄዱ። ድስቱን ይዤ ወደ ቧንቧው ስወጣ ቡላ በገመዱ ልክ ተወጥሮ ይጠብቀኛል። አልጮኸም። ድስቱን ብቻ ነው የሚያየው። ወር ሙሉ ምስር የበላ ውሻ ነው። እውነቱን ለመናገር የሐኪሟ ነገር በልቤ አልገባም ነበር፤ ለእኔ ውሻ ውሻ ነው። ዙሪያዬን አየሁና ከድስቱ ሥር የቀረውን የበሬ ጥብስ በእጄ ዝቄ ሰጠሁት። ጣቶቼን ሳይቀር ላሰልኝ። ደስ አለኝ፤ ደግ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ግንቦት ሃያ ሦስት ጠዋት የጆሮውን ጭብጨባ ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁ። ራሱን እያራገፈ ያካል። ስወጣ ጆሮው ቀልቷል፤ በማግሥቱ ሆዱ ተላጠ።

ዓምሃ ለሐኪሟ ደወለ። «አንድ ሰው የሆነ ነገር ሰጥቶታል፤ ሁሉንም ይጠይቁ» አለችው። በየበሩ ዞረ። ሁሉም ማሉለት። መጨረሻ የእኔ በር ደረሰ። «ጋሼ፣ እርስዎን መጠየቁ ነውር ነው» አለኝ፤ «ማስታወቂያውን የጻፉት እርስዎ። ግን ሁሉንም ጠይቅ ስላለችኝ ነው።»

«ኧረ እኔ አልሰጠሁም» አልኩ። ይህም አልበቃኝ ብሎ «የራኬብን ልጅ ጠይቃት እስኪ፤ ልጅ አይደለች» ስል ጨመርኩበት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ ሲዋሽ ጆሮ የቆነጠጥኩ ሰው ነኝ። በሩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩና እጄን አየሁ። በማግሥቱ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። በማግሥቱ ሳይሆን ሲቀር ከነገ ወዲያ አልኩ። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር መናገሩ እየከበደኝ ሄደ፤ ስድሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ክብር በአንድ ድስት ጥብስ ሊሄድ ሆነ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ዓምሃ ለሐኪሟ ማንም እንዳልሰጠው ነገራት። እሷም «እንግዲያው ሌላ የሚያሳክከው ነገር ሊኖር ይችላል፤ አቧራ ይሁን ሣር ይሁን መፈለግ አለበት፤ ረጅም መንገድ ነው» አለችው። ረጅም መንገድ የሚሄድበት ጊዜ ግን አልነበረውም። መድኃኒቱን መስጠቱን፣ ማጠቡን አላቋረጠም። ከቡላ ጋር ማውራቱን ግን አቆመ። ይህን ሁሉ በመስኮቴ አያለሁ።

ሰኔ ሚካኤል ከቅዳሴ መልስ ግቢው ተሰበሰበ። ቡላ መሐል ቆመ። ጀርባው ጠጉር ለብሷል፤ ጆሮው ግን ገና ቀይ ነው፣ ሆዱም ላይ መዳፍ የምታህል ያልዳነች ቁስል አለች። ራኬብ ጎንበስ ብላ አየችና ተነሣች።

«ሰባት ሳምንት ታገስኩ» አለች። «ሥጋም ተከልክሎ ወጣበት። እንግዲህ በሽታው የሥጋ አይደለም ማለት ነው። ነገ ልጄ ላይ የሚወጣው ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«ዓምሃ፣ ምን ትላለህ ልጄ?» አሉ እማማ።

ዓምሃ ገመዱን በእጁ ላይ እየጠቀለለ «እናንተ ጨዋ ሰዎች ናችሁ» አለ። «ሰጥቻለሁ ያለኝ የለም፤ ሐኪሟ ተሳስታለች። ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ። ጋሼን ዳግመኛ አላስቸግርም፤ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«በል ጻፈው ዮፍታሔ» አሉኝ እማማ።

ቀኑን ጻፍኩ። «የአቶ ዓምሃ ውሻ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አውቀዋለሁ፤ መርጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እጄ አልሄድ አለ። ሁሉም ብዕሬን ያያሉ፤ ዓምሃ ብቻ ውሻውን ነው የሚያየው።

«ሥጋ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ያልሰሙኝ መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት። «ግንቦት ሃያ አንድ፣ ማኅበሬን ያበላሁ ዕለት፣ ከድስቱ ሥር የቀረውን የበሬ ጥብስ ሰጠሁት። ዓምሃ ሲጠይቀኝ ዋሸሁ።»

«አንተ ሰው! ይህን ሽበት ተሸክመህ!» አሉ እማማ።

ራኬብ ፊቷ በርበሬ መሰለ። «ልጄን እኮ ቆንጥጫታለሁ!» አለች። «አልሰጠሁም እያለች አለቀሰችብኝ። በእርስዎ ጦስ!» ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እሷን ብቻ አይደለም፣ ልጅቷንም ጎንበስ ብዬ ጠየቅኳት። ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። እንደዚያ ቀን መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ የተመኘሁበት ጊዜ የለም።

ራኬብ ትንሽ ስትበርድ ግን ማሰብ ጀመረች፤ ነጋዴ ናት፣ ነገር አይጠፋባትም። «በግንቦት ሃያ አንድ ሰጡት» አለች፤ «በሃያ ሦስት ወጣበት። ሌላ ማንም ምንም አልሰጠውም?»

«ማንም» አለ ዓምሃ።

«እንግዲያው ሐኪሟ ልክ ናት» አለች። ወደ ዓምሃ ዞረችና «በቃ ይቆይ፤ እኔ ነገር የለኝም» አለችው። እማማም «ይቆይ» አሉ። የጀመርኩትን ወረቀት ቀደድኩት። ሰዎቹ እያንሾካሾኩ፣ እኔን እየገላመጡ ተበተኑ። ዕድሜ ልኬን የምገላመጥበት ነገር አግኝተዋል፤ ይገባኛል።

ዓምሃ ከተቀመጠበት ድንጋይ አልተነሣም። ውሻው ተረፈለት፤ ደስ ብሎት ዘሎ የሚነሣ መስሎኝ ነበር። ይሰድበኛል ብዬ እየፈራሁ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«እርስዎ አንድ ቀን ነው የሰጡት ጋሼ» አለኝ። «በሁለት ቀን እንዲህ አደረገው። እኔ እኮ ስድስት ዓመት ነው።»

ቡላ ጅራቱን እየቆላ መጣና አፍንጫውን ወደ ዓምሃ መዳፍ ዘረጋ። ልኳንዳው በሰኔ ጾም ከተዘጋ አሥር ቀን ሆኖታል፤ እጁ ላይ ምንም አልነበረም። ዓምሃ ግን ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ ወስዶ ደበቃቸው።